ምርቃቱስ?

ነጠላ አልሸጥም፣ ጅምላ ነው ሥራዬ፣
ማኅበር ነው ደንበኛው፣ ዩኒየን ገበያዬ።
አምስት መቶ ስልክ ነው ትንሹ ሚዛኔ፣
ሺህ ካለፈ ደግሞ ቅናሽ አለው በ’ኔ።

ይህንን ስደግም፣ ጥቅምት ሃያ ሁለት፣
ዳንግላ ወረድኩኝ፣ ማር በሚቆረጥበት።

ቢሮው አንድ ክፍል ነው፣ ከመጋዘን ኋላ፣
ማር የጠጣ ወለል፣ ጫማ የሚበላ።
አቶ ይበልጣል አሉ፣ ሊቀ መንበር ናቸው፣
ወይዘሮ ይታይሽ፣ መዝገብ ከጉያቸው፣
ሦስት የቦርድ አባላት፣ ጋቢ የደረቡ፣
ስላይዱን ትተው ፊቴን የሚያነቡ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ድምፄን አለስልሼ፣
ቁጥር ላይ ሌላ ቁጥር ደራርቤ አልብሼ፣
«ስንት ኪሎ፣ ከማን፣ ከየትኛው መንደር፣
የባሕር ዳር ዋጋ እንዴት ውሎ እንደሚያድር፣
ሁሉን ይናገራል ይኼ መተግበሪያ፤
ቀፎ ብቻ ይኑር» አልኩኝ በማብቂያ።

«ቀፎማ አላጣንም» አሉ አቶ ይበልጣል፣
«ንቡ እንጂ ከሰኞ ጀምሮ ኮብልሏል።»
ከጥርሳቸው በፊት ትከሻቸው ሳቀ፣
እኔ ሲገባኝ ግን ሳቃቸው አለቀ።

«ዋጋውስ?»
«በነፍስ ወከፍ ነው፤ መቶ ሠማንያ ብር
ለዓመት።»
«ነፍስ ስንት አለን? እስኪ ይታይሽ ትቁጠር።»

መዝገቡ ተገልጦ፣ ጣት በምራቅ ርሶ፣
ሺህ ሁለት መቶ ስም፣ በሰም ተለውሶ።
እኔ በሆዴ ውስጥ ኮሚሽን ሳባዛ፣
ስም ይጠሩ ጀመር በዚያ ድምፀ ለዛ፦

«እንየው ዋሌ?»
«አረፈ። ቀፎው በልጁ እጅ ነው።»
«ልንገረው ፈጠነ?»
«መተማ ወርዷል፣ ሰሊጥ አጨዳ።»
«ሙሉሰው አስማረ?»
«ባለ ቁልፍ ስልክ ነው ያለው። እሱንም ለባትሪው፣
ማታ በረት ሲገባ ያበራዋል።»
«ጓዴ ተሻለ?»
ዝም አሉ።
«ይሰረዝ?»
«ይቆይ። ያምና ትርፉ አልተከፈለም።»

«ለሟች ቅናሽ አለ» ልል ሲዳዳኝ አየሁት፣
ያን ክፉ ምላሴን በጥርሴ ነከስኩት።

ፀሐይዋ ዘመመች። የቀረው ተቆጥሮ
ስልሳ አንድ ሰው ሆነ፣ ያ ሁሉ ተበጥሮ።
አለቃዬን ልጠይቅ ስልኬን ብደቅነው
ንቡ አልተመለሰም፤ ቀፎዬ ባዶ ነው።

«አንዱን ብቻ ስጠን፣ ይታይሽ ትያዘው፣
ንቡ የገባ ለታ ዋጋውን ታንብበው፣
ቅዳሜ ገበያ፣ በድምፅ ማጉያው ላይ።
አንድ አፍ፣ ሺህ ጆሮ፤ ይኸስ ጅምላ አይደል ወይ?»

ነጠላ አልሸጥም የሚል ቃሌ ሳይወጣ፣
መቶ ሠማንያ ብር ከመሳቢያ መጣ፤
ማር የነካው ብር ነው፣ እርስ በርሱ የተጣባ፣
ስቆጥረው ጣቴ ላይ እየቀረ ሲያባባ።

«ምርቃቱስ?» አሉኝ።

ሒሳብ ያዝኩ በልቤ፦ ለመቶ ሰው አምስት፣
ለሺህ ሰው ሃምሳ ነው የሚመረቅለት፤
ላንድ ሰው ሲደርሰው የሰው ሃያኛ ነው፣
እሱን በምን ቆርጬ፣ በምን ልጠቅልለው?

ዝምታዬን አይተው ተነሡ እንደ ቆሙ፣
ባርኔጣ ተነሣ፣ መዳፎች ታደሙ፦
«ቀፎህ አይራቆት። ንብህ አይኮብልልብህ።
የቆጠርከው ይብዛ። ያልቆጠርከው ይትረፍህ።»
አሜን አልኩ፣ ምን ልበል? ለአንድ ስልክ ጠርቁኝ፣
በችርቻሮ ገዝተው በጅምላ መረቁኝ።

ዱርቤቴ ስንደርስ ንቡ ኪሴ ገባ።
«ስንት ሸጥክ?» ይላል አለቃዬ።
«1» ብዬ ልጽፍ ስነካው
ጣቴ ላይ የቀረው ማር ስክሪኑን ያዘና
1111 ሆኖ ሄደ።
ላርመው ስል
ሚኒባሱ ዳገቱን ጨረሰ፣
ንቡም ወጣ።